ጠራዥ ወረቀት አያቃጥልም

ዶክተሯ መጀመሪያ ያየችው ጡቴ ውስጥ ያለውን እብጠት ሳይሆን ደረቴ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ነበር። አራት ናቸው፤ ሰማያዊ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ። አንዱ ከአንገቴ በታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ወደ ብብቴ ጠጋ ብለው፣ አራተኛው ከመሀል ዝቅ ብሎ። ከአስራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ አብረውኝ ስለኖሩ ከቁጥር አላስገባቸውም። ሰው ከጠየቀኝ የሥራ ቀለም ነው እላለሁ። መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ቀለም የትም ቢገኝብኝ የሚገርመው የለም።

«እነዚህን ማን ነቀሰሽ?» አለችኝ።

«ልጅ ሆኜ ታምሜ ነበር።»

«ምን ታመምሽ?»

የሃያ አራት ዓመቱ መልስ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የሳንባ ምች። እናቴ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሰጠችው መልስ ነው። ጸጉሯስ ለምን ረገፈ ላለ ደግሞ «ትኩሳቱ ነው» ትለው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በእኛ ቤት ራስ ሲመለጥ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ አፍ ግን አንድም ቀን አላመለጠም።

«የእጢ ካንሰር» አልኳት። «አንገቴ ላይና ደረቴ ውስጥ ነበር። መድኃኒት በደም ስሬ ሰጡኝ፣ ጨረርም ነበረው፤ ነጠብጣቦቹ የእሱ ማነጣጠሪያ ናቸው።»

ቃሉን ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ ጥርት ያለ ፊት አላት፣ ፈገግታ አታባክንም።

«የታይሮይድ ኪኒን ትወስጃለሽ?»

«ከአስር ዓመት በላይ ሆነኝ።»

«ደረጃ ስትወጪ ያለከልክሻል?»

«ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ማስታወቂያ የማነብ እመስላለሁ።»

«ጥርስሽስ?»

ጥርሴንም ነገርኳት። ጠንቋይ ቤት የገባሁ መሰለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኪኒኑ፣ ትንፋሹና ጥርሱ በየራሳቸው የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ እንግዶች ነበሩ። ለካ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

በሳምንቱ ዓርብ የናሙናው ውጤት መጣ። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ በቀስታ አስረዳችኝ። የድሮው ተመልሶ አልመጣም፤ ይሄ ሌላ ነው፣ የጡት ካንሰር ነው። ያኔ ደረቴ ላይ ያረፈው ጨረር ሕይወቴን አትርፏል፤ ያው ጨረር ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ሁሉም ላይ አይመጣም፣ አንዳንዱ ላይ ይመጣል።

«ለዚህ ነው በልጅነታቸው ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሴቶች ከሃያ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ የሚመረመሩት» አለች። «የነገረሽ የለም?»

«የለም።»

«ስትወጡ ማጠቃለያ ወረቀት ይሰጣል እኮ።»

«እኔ አላየሁም።»

ወደ ዋናው ነገር ገባች። «ያኔ ከወሰድሽው ውስጥ ቀይ መድኃኒት ነበረበት? ሽንት የሚያቀላ?»

ነበረበት። ከረጢቱን ሳየው ገና መርፌው ሳይነካኝ አስታውክ ነበር።

«ልብ ያንን መድኃኒት የሚችለው በልክ ነው። ልኩ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው፤ በአስራ አምስት ዓመትሽ የወሰድሽው ዛሬም ይቆጠራል። ጨረሩ ልብሽን አካባቢ ስለነካ ልኩ ከሌላው ሰው ይጠባል። ስንት ዙር ወሰድሽ?»

«ስድስት ነው ብለው ነበር።»

«ስድስቱንም ከወሰድሽ አልሰጥሽም። ሌላ መድኃኒት አለ፤ ለአንቺ ዓይነቱ ግን ቀዩ ያለበት ይሻላል፣ በደንብ ይሻላል። በግምት ደግሞ ልብሽ ላይ ቁማር አልጫወትም። ወረቀቱን ፈልጊ። ሐሙስ ሐኪሞቹ ተሰብስበን እንወስናለን፣ ሰኞ በአንዱ ወይም በሌላው እንጀምራለን።»

የድሮው ሆስፒታል ሌላ ከተማ ነው። ከበሩ ሳልወጣ ደወልኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ትሁት ነበር፤ ከአስር ዓመት ያለፈ ፋይል ይወገዳል አለኝ።

«እንዴት ነው የሚወገደው?»

«ይቃጠላል፣ እህቴ።»

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መርፌ አይዝም፤ ጠዋት ከእኔ ጋር ይመጣና የሥራ ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጦ ክር በሰም ያሻል። ሰፈሩ «አባ ሙጫ» ይለዋል፣ ወሬ ከያዘ ስለማይለቅ። የራሱን ቤት ጉዳይ ግን ተቆንጥጦም አያወጣም። በዘመኑ ካርቶን ገዝቶ አያውቅም ነበር። የፈተና ወረቀት፣ ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ ማተሚያ ቤት ያበላሸው ማስታወቂያ፣ ያገኘውን ሁሉ ስምንት አስር እየደረበ በዱቄት ማጣበቂያ ይለጥፍና መጭመቂያ ሥር ያሳድረዋል፤ ጠዋት እንጨት ሆኖ ይወጣል። እሱ ነው የመጽሐፉ ሽፋን። «ወረቀት አይጣልም» የቤታችን ሕግ ነው።

«አባዬ፣ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቷል» አልኩት። ነገር ማዞር አልችልበትም።

ክሩ ከእጁ ወደቀ። «ተመለሰ» አለ።

«አልተመለሰም። ሌላ ነው፣ አዲስ ነው።»

«ተመለሰ» አለ ደግሞ፣ ለእኔ ሳይሆን ለክሩ።

«ያኔ ሆስፒታሉ የሰጠን ወረቀት የት ደረሰ?»

«ተቃጥሏል። እናትሽ አቃጥላዋለች።»

እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በሙት ማሳበብ ቀላል ነው። ግን አመንኩት። እናቴ ያንን ዓመት ከቤታችን ጠርጋ ለማውጣት ያላደረገችው የለም፤ ፎቶ እንኳ የለንም። «ታማሚ ናት ከተባለች ማን ያገባታል?» ትል ነበር። አገባሁ፤ ትዳሩ ሰባት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። የፈረሰው በበሽታ ሳይሆን በሌላ በሌላ ነው፣ ማንኮራፋትም ነበረበት። ለዚያ ሁሉ ምስጢር ሲባል ቢያንስ የማያንኮራፋ ባል ይገባኝ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ ምግብ አልነካም። እሁድ ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቱ ማጠፍ ጀመረ።

«ጠራዥ ወረቀት አያቃጥልም» አለ።

ጠበቅኩት።

«እናትሽ የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ አቃጥል አለችኝ። አቃጠልኩት አልኳት። የጋዜጣው ጥራዝ ውስጥ አለ። የዚያን ዓመት ጋዜጣ ለቤተ መጻሕፍቱ በሁለት ጥራዝ ሠርቼላቸዋለሁ። ከሁለቱ በአንዱ፣ በኋላኛው ሽፋን ውስጥ ነው። በየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።»

«ዓርብ ዕለት ለምን አልነገርከኝም?»

ማጠፉን ቀጠለ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ፤ እኔ ከሐሙስ ጋር እሽቅድምድም ይዣለሁ፣ እሱ ሁለት ቀን ሙሉ የጠረጴዛ ልብስ ያጥፋል። ግን የሽማግሌ አንገት ሲያቀረቅር ከኋላ የሚታየው ነገር አለ፣ አንጀት ይበላል። ተነስቼ ሳህኖቹን አጠብኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እኛ ዘንድ «አቶ ጸጥታ» ነው የሚባለው፤ በቀን መቶ ጊዜ «ጸጥታ!» ስለሚል ከሁሉም በላይ የሚረብሸው እሱ ራሱ ነው። ለዓመታት የተገነጠሉ መጻሕፍቱን እኔ ነኝ የምጠግንለት። ሰኞ በር ሲከፈት ደረስኩና ሁለቱን ጥራዞች ለጥገና ልውሰድ አልኩት። መነጽሩን አውርዶ ከመደርደሪያው አወጣቸው፤ ጀርባቸውን፣ ማዕዘናቸውን፣ ስፌታቸውን ደባበሰ። የአባቴ እጅ ሥራ ነው፣ በሃያ አራት ዓመት አንድ ክር አልላላም።

«ምን ሆኑና? ያልታመመውን ምን ልታክሚው ነው?»

አንድ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ብል የሆነ ነገር። አፌን ስከፍት ግን ሰለቸኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ሁሉ ሰበብ ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ካንሰር ይዞኛል» አልኩት። «ልጅ ሆኜም ይዞኝ ነበር። ያኔ የታከምኩበት ወረቀት ከእነዚህ በአንዱ ሽፋን ውስጥ ነው። እስከ ሐሙስ ካላገኘሁት ጥሩውን መድኃኒት አይሰጡኝም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ አንባቢው ሁሉ ዞረ። አቶ ጸጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሳይል ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ። ሰው የሚለው ሲጠፋው ተረት ይተርታል፤ አልተቀየምኩትም።

«የደበቀው አባቴ ነው» አልኩት።

«ጋሼ?» አለና ጥራዞቹን ዳግመኛ አያቸው። «ከግቢ አይወጡም፤ ሕግ ሕግ ነው። የኋላው ክፍል ውስጥ ግን ውሃም ጠረጴዛም አለ።» ቅጹን ራሱ ሞላልኝ፤ «ምክንያት» በሚለው ላይ «ጥገና» ብሎ ጻፈና ሁለቱን ከባድ ጥራዞች ራሱ ተሸከማቸው። የምቀደውን ሽፋን በአዲስ እንደምተካ ቃል ገባሁለት።

የአባቴን ሥራ መቅደድ አልወደድኩትም። ሽፋኑን ከገጾቹ ጋር የያዘውን ወረቀት በቢላዋ ጫፍ ከመጋጠሚያው ሰነጠቅኩ፣ ጨርቁን ገለጥኩ፣ ካርቶኑን አወጣሁና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስተኛሁት። የዱቄት ማጣበቂያ ጨዋ ነው፣ ውሃ ካገኘ ሳይከራከር ይለቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጥራዝ ሽፋን እየተላጠ መጣ። ቀን መቁጠሪያ። የሙሽራው ስም የተሳሳተበት የሠርግ ጥሪ። የጫማ ማስታወቂያ። የእኔ የሒሳብ ፈተና፣ ከአስር አራት፤ እሱንም ደብቆልኛል ለካ። እስከ መጨረሻው ንብርብር ደረስኩ፣ የለም።

የሁለተኛው ገና ውሃ ሳይነካው ይለያል፤ በጣት ሲመታ ድምፁ ሌላ ነው። ሦስት ንብርብር ካነሳሁ በኋላ ውሃ የማይዘልቀው ነገር አጋጠመኝ። ሰም የተቀባ ወረቀት፣ ዙሪያውን የተዘጋ። አባቴ ወረቀቱን ደብቆት ብቻ አልነበረም፤ እንዳይበሰብስ፣ ማጣበቂያ እንዳይነካው፣ አንድ ቀን ደኅና ሆኖ እንዲወጣ አድርጎ ነው ያስተኛው። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አንድ ገጽ ነው። ከላይ የበሽታው ስም፣ ከሥሩ ሠንጠረዥ። አንደኛ ዙር፣ ቀን፣ መጠን፣ ፊርማ። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ ዙር። ቀጥሎ ጨረር፣ ሃያ ጊዜ። አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ዙር ባዶ ናቸው፤ በሦስቱ ላይ አግድም መስመር ተሰምሮ «አባት ሕክምናው እንዲቋረጥ ጠይቀዋል፤ አደጋው ተነግሯቸዋል» ይላል። ጎኑ ላይ የአባቴ ፊርማ አለ፤ ስምንት ቁጥር ሊሠራ ሲል የተወ የሚመስለው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከጨረሩ በኋላ በአራተኛው ዙር ጠዋት የቤታችንን በር መቃን በሁለት እጄ ይዤ አልሄድም አልኩ። አፌ ውስጡ ቆስሎ ውሃ እንኳ ያቃጥለኝ ነበር፤ ክብደቴ ሠላሳ አንድ ኪሎ ደርሷል። «ከገደላችሁኝ እዚሁ ግደሉኝ» ነው ያልኩት። እናቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ስታላቅቅ አባቴ «ተያት» አላት። ለብቻው ወጥቶ ሄደ። ማታ ተመልሶ «ጨርሰሻል፣ ሐኪሙ ይበቃታል ብሏል» አለኝ። ያንን ዕለት ከሕይወቴ ቀን ሁሉ ደስተኛው አድርጌ ነበር የማስታውሰው።

ከገጹ ግርጌ፣ በሐኪሙ እጅ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ነበሩ። «ደረቷ ላይ ጨረር ስለወሰደች ከሃያ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ጡቷ በየዓመቱ ይመርመር። ታይሮይድና ልብም ክትትል ያስፈልጋቸዋል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አስራ አራት ምርመራ ማለት ነው፣ እዚያ ሰም ውስጥ የተኛው። እብጠቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ገላዬን ስታጠብ፣ የለውዝ ፍሬ አክሎ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ ገጹን በሁለት እጇ ይዛ አነበበች። «ሦስት» አለች። የልቤ ምርመራ ውጤት ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ከሱ ጋር አስተያየችው። «ቦታ አለ። ጠባብ ነው፣ ግን አለ። እየተከታተልን ቀዩን እንሰጥሻለን።»

ጣቷ ፊርማው ላይ ቆመ።

«ማነው ያቋረጠው? አባትሽ?»

«አዎ።»

«ያኔ ሐኪምሽ ብሆን እጣላቸው ነበር። ሊያሳጡሽ ይችሉ ነበር፤ የተረፍሽው በዕድል ነው» አለችና ወረቀቱን አስቀመጠች። «ዛሬ ግን ይሄው ነው።» ስለ ግርጌው መስመሮች ሁለታችንም አልተናገርንም። ኮፒ አድርጋ ሰጠችኝና ዋናውን ፋይሌ ውስጥ አስገባችው።

ሰኞ ቀዩ ገባልኝ። የማስታወስ ነገር ይገርማል፤ ከረጢቱን ሳየው ሆዴ ሃያ አራት ዓመት እንዳላለፈ ሆኖ ተነሳ። አሁን የማስታወክ ጥሩ መድኃኒት አለ፤ ያኔ ባልዲ ነበር። ሁለት ቀን ተኛሁ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጸጉሬ ማጣበቂያው ውስጥ እየገባ ሥራ ሲያበላሽብኝ በሥራ ቤቱ መቀስ ቆርጬ በምላጭ ጨረስኩት። ሻሽ አላሰርኩም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገብታ ምነው ስትለኝ «ካንሰር ነው» አልኳት። ደነገጠች፣ ይማርሽ አለች፣ በማግስቱ ሾርባ ይዛ መጣች። ምስጢሩ ይሄን ያህል ነበር ለካ።

ከአባቴ ጋር መነጋገሩን ስለፈራሁት ለመጨረሻ አቆየሁት። ወረቀቱ መገኘቱን ያውቃል፣ አልጠየቀኝም፤ እኔም ጉልበት እስካገኝ ጠበቅኩ። ያን ቀን ለአቶ ጸጥታ የገባሁለትን ቃል ልፈጽም የሁለተኛውን ጥራዝ አዲስ ሽፋን እየደረብኩ ነበር፤ የቀደድኩት የአባቴ ሥራ ነውና በእሱ ዘዴ ነው የምመልሰው። እሱ መስኮቱ ሥር ክሩን ያሻል።

«ፊርማዬን አየሽው?» አለ ድንገት።

«አየሁት።»

«በሱ ነው የተመለሰው። ሦስቱን አስቀረሁብሽ። ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር፣ በግልጽ ነግሮኛል። በሩን ይዘሽ ሳይሽ አቃተኝ።» ክሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እናትሽም ሳታውቅ ሞተች። ጨረሰች ነው ያልኳት።»

ማጣበቂያውን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ፣ እንደ ዶክተሯ፣ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። አልተመለሰም። የድሮው ድኗል፣ ይሄ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ያስቀረኸው ሦስት ዙር ነው አሁን ቦታ የተወልኝ፤ ስድስቱንም ወስጄ ቢሆን ቀዩን ዛሬ አይሰጡኝም ነበር።

«እውነትሽን ነው?»

«ዶክተሯን ጠይቃት።»

አባቴ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ በእናቴም ጊዜ። ሰሙ ከጭኑ ላይ ተንከባልሎ ወደቀና አንስቼ ሰጠሁት። እጁን ያዝኩት። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ዓይኑን ጨፈን አደረገ፣ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው።

«ከታች የሆነ ነገር ተጽፎበት ነበር» አለ። «ፊርማዬን ሳየው ዓይኔ ወደ ታች አልሄድልህ አለኝ እንጂ ተጽፎ ነበር። ምንድነው?»

«ያለፈ ቀጠሮ ነው፣ አባዬ።»

«የሚያስፈልግ ነገር አይደለም?»

«አይደለም።»

ወረቀቱን ልየው ቢል ኮፒው ተዘጋጅቶለት ነበር። በዋዜማው የኮፒውን ግርጌ በሥራ ቤቱ መቁረጫ ቆርጬዋለሁ፤ ቁርጥራጩን በሁለት ሰም የተቀባ ወረቀት መሀል አድርጌ ዙሪያውን ዘግቻለሁ። ተነስቼ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና ሦስተኛው ንብርብር ላይ አስተኛሁት፣ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ አራተኛውን ደረብኩበት።

አባቴ ከመስኮቱ ሥር አንገቱን አሰገገ። «ምን እያስገባሽ ነው?»

«ቁርጥራጭ።»

«ጎበዝ» አለ፣ ክሩን እያነሳ። «ወረቀት አይጣልም።»